ከማጣሪያ የተመለሰው ሰው ምን ተብሎ ይሸኛል?

ይህን የበይነ መረብ የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። በክትባትና በፀረ ቫይረስ መድኃኒት ሙከራ ለመሳተፍ የሚመጡ ጤነኛ ፈቃደኞች በሚመረመሩበት ክፍል በነርስነት ሠርቻለሁ፤ አሁን ኑሮዬ ባሕር ዳር ነው። ጥያቄዬ ይህ ነበር፦ ማጣሪያውን ያለፈ ሰው ሐኪም ይመደብለታል፣ ቀጠሮ ይያዝለታል፣ ደውሎ ደኅንነቱን የሚጠይቀው አለው። ያላለፈውስ ምን ተብሎ ይሸኛል?

በመነሻው ጽሑፍ አካሄዱን ለማያውቁት አስረዳሁ። አዲስ መድኃኒት ወይም ክትባት በመጀመሪያው ምዕራፍ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 100 ለሚሆኑ ጤነኛ ሰዎች ነው። በዚህ ደረጃ የሚፈለገው የማዳን ኃይሉን ማወቅ ሳይሆን የሰው ሰውነት ይችለው እንደሆነ ማየት ነው። ፈቃደኛው መጀመሪያ የስምምነት ቅጹ ይነበብለታል፣ ያልገባውን ይጠይቃል፣ ይፈርማል፤ ከዚያ በፊት አንዲት ጠብታ ደም አይቀዳም። ከዚያ የሕመም ታሪኩ፣ የሚወስዳቸው መድኃኒቶች፣ የደም ግፊቱና የልቡ አመታት ይታያል። የደም ሕዋሳቱ ይቆጠራሉ፣ ጉበቱና ኩላሊቱ ይፈተሻል፣ ኤችአይቪና የጉበት ቫይረስ ቢ እና ሲ ይመረመራል። ለሴቶች የእርግዝና ምርመራ ይጨመራል። በጉበት ላይ እንዲህ የሚጠበቀው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1993 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ፊያሉሪዲን የተባለ የጉበት ቫይረስ ቢ መድኃኒት ሲሞከር ከ15 ታካሚዎች 5ቱ ሞተዋል፤ ሌሎች ሁለቱ የተረፉት የሰው ጉበት ተተክቶላቸው ነው። መድኃኒቱ አስቀድሞ በእንስሳት ላይ ሲፈተን ይህ ጉዳት አልታየም ነበር።

ከዚያ ወደ ነገሬ ገባሁ። በማጣሪያ ወቅት የጉበት ቫይረስ ቢ የሚገኝባቸው ወጣቶች ጥቂት አይደሉም። በአገራችን ይህ ክትባት ከሕፃናት መደበኛ ክትባት ጋር የተቀላቀለው በ2007 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለደው ትውልድ በሕፃንነቱ አላገኘውም። እንዲህ ያለው ወጣት ምንም አያመውም፤ ሩጫውን ይሮጣል፣ ትምህርቱን ይማራል። ቫይረሱ ግን ለዓመታት ዝም ብሎ ኖሮ ጉበቱን ጠባሳ በጠባሳ አድርጎ ሊያበላሸው ወይም ወደ ካንሰር ሊያደርሰው ይችላል። ይህን ሰው መስፈርቱን አላሟላህም ብቻ ብሎ ከበር መመለስ በደል ነው አልኩ። አሁንም እላለሁ።

መልስ 1 ከአንድ የኅብረተሰብ ጤና መምህር መጣ። በጣም ጨዋ ነው፤ አመስግኖ ሲያበቃ ያልኩትን አሟላው። ጤነኛ ሰው የሚጣራው ለመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ እንዳልሆነ፣ በክትባት ሙከራ እስከ መጨረሻው ድረስ ተሳታፊዎቹ ጤነኞች እንደሆኑ አስታወሰ። በ1954 እ.ኤ.አ. የፖሊዮ ክትባት ሲፈተን 1.8 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት ተሳትፈዋል። ከቅርቡ ደግሞ በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ ኤችአይቪ የሌለባቸው ከ5,300 በላይ ወጣት ሴቶች የተሳተፉበትን የሌናካፓቪር (ኤችአይቪን የሚከላከል መርፌ) ጥናት ጠቀሰ። በ2024 እ.ኤ.አ. በወጣው ውጤት መሠረት፣ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚወጋውን ይህን መድኃኒት ካገኙት 2,134 ሴቶች በቫይረሱ የተያዘች አንዲትም አልነበረችም። ይህን የሚያህል ነገር የተገኘው ጤነኛ ሆነው ሳለ ክንዳቸውን በሰጡ ሴቶች ነው ብሎ ጨረሰ፤ ልቤን ነካው።

መልስ 2 የሽምብጥ ሰፈር እናት ናቸው። ልጃቸው እንዲህ ባለ ጥናት ልሳተፍ ቢላቸው ምን ይበሉት እንደሆነ ጠየቁ። በክሩ ውስጥ አምስት ያህል ሰው መለሰላቸው፣ ሁሉም እትዬ እያለ በአክብሮት።

መልስ 3 ላይ መቆም እፈልጋለሁ፤ የጻፈው የላቦራቶሪ ባለሙያ ነው፣ የሚያወራውም በእጁ ስለሚይዘው ነገር ነው። ሐምራዊ ክዳን ያለውን የደም ቱቦ ገለጸ። ደሙ እንደ ገባ ቱቦው በእርጋታ ስምንት ወይም ዐሥር ጊዜ መገለባበጥ አለበት፤ ካልተገለባበጠ ይረጋል፣ ከተናጠ ሕዋሱ ይፈርሳል። ለጉበትና ለኩላሊት የሚቀዳው ናሙና ደግሞ በእኩለ ቀን በባሕር ዳር ሙቀት ጠረጴዛ ላይ ቢረሳ፣ ወይም ከሩቅ ጤና ጣቢያ በኮረኮንች መንገድ ሲንገጫገጭ ቢመጣ፣ ቀይ ሕዋሱ እየፈረሰ ውስጡ ያለው ፖታሲየምና ኤንዛይም ወደ ፈሳሹ ይወጣል። ማሽኑ የሚያነበው እሱን ነው። ውኃ የመሰለ ብጫ መሆን የነበረበት ፈሳሽ ቀላ ብሎ ሲታይ ባለሙያው ናሙናውን ጥሎ እንደገና ማስቀዳት እንዳለበት፣ የቸኮለ ግን ቁጥሩን ጽፎ እንደሚያሳልፈው ነገረን። በዚህ መንገድ አንድ ጤነኛ ሰው በወረቀት ላይ ታማሚ ሆኖ ይወድቃል። ከመጻፉ በፊት ቱቦውን ወደ ብርሃን አንሥቶ የሚያይ ሰው በየማጣሪያው ቢኖር ስንቱ ከድንጋጤ በዳነ!

መልስ 4 ከወረታ የመጣ ወጣት ነው። የደም ሕዋስ ቆጠራው ዝቅ ብሎ ስለተገኘ ከአንድ ጥናት መመለሱን ጻፈ። የነጭ ሕዋስህ ቁጥር አነስተኛ ነው ከተባለ በኋላ ሌላ ማብራሪያ አላገኘም፤ የደም ካንሰር ይዞኛል ብሎ ለቤተሰቡ ሳይናገር ከርሟል። ያንን ያነበብኩት አምሽቼ ነበር፤ ተናድጄ እንቅልፍ አጣሁ።

የመለሰለት በመልስ 5 አንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነው። ኒውትሮፊል የሚባለው የነጭ ሕዋስ ዓይነት በብዙ አፍሪካውያን፣ በኢትዮጵያውያንም ጭምር፣ በተፈጥሮ ከአውሮፓውያን ዝቅ ብሎ እንደሚገኝ አብራራ። ሰውየው አይታመምበትም፣ ኢንፌክሽንም አይበዛበትም፤ ትውልድ ያወረሰው ነው። አውሮፓና አሜሪካ በተለኩ ሰዎች የተሠራን ድንበር እዚህ አምጥቶ መጠቀም ጤነኛውን ታማሚ ያደርገዋል አለ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ኤችአይቪ የሌለባቸው ኢትዮጵያውያን ከሆላንዳውያን ጋር ሲነጻጸሩ የሲዲ4 (ኤችአይቪ የሚያጠቃው የነጭ ሕዋስ ዓይነት) ቁጥራቸውም ዝቅ ብሎ እንደተገኘ ጨመረ። ለወረታው ልጅ ደግሞ ቆጠራውን እንደገና እንዲያስደርግና ውጤቱን ይዞ ሐኪም ዘንድ እንዲቀርብ በቀጥታ መከረው። ልጁ ከአንድ ሰዓት በኋላ አመስግኖ ጻፈ።

እዚህ ላይ ነው ድምፁ የተቀየረው። መልስ 6 መለኪያው የሌላ አገር ከሆነ እኛን ለምን ያስለካሉ፣ ለምንስ ደማችንን ይወስዳሉ ብሎ ቆጣ አለ። መልስ 7 የእርሱ ደጋፊ ሆኖ ደሙ ይሸጣል የሚለውን ወሬ አመጣ። የላቦራቶሪ ባለሙያው ተመልሶ በመልስ 8 ልኩን ነገረው፦ ለማጣሪያ የሚቀዳው ጥቂት ቱቦ ነው፤ ደም ለጋሽ ግን በአንድ ጊዜ 450 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሰጣል፣ እሱንም ሰጥቶ ሻይ ጠጥቶ ወደ ሥራው ይሄዳል። መልስ 6ን በተመለከተ ግን እኔ እውነት አለው እላለሁ። መፍትሔው ጥናቱን ማባረር ሳይሆን መለኪያውን እዚሁ መሥራት ነው፤ በደጋና በቆላ፣ በጣና ሐይቅ ዳርና ከሐይቁ በራቁ ቀበሌዎች ጤነኛውን ሰው ለክቶ የራስን ድንበር ማውጣት።

መልስ 9 ከዘጌ ነው፤ ቡና አምራች ናቸው፣ ዕድሜያቸውም የገፋ ይመስላል። የወፍ በሽታ በአገር መድኃኒት እንደሚድን፣ ለዚህ ሁሉ ማጣሪያ ምን እንዳደረሰ ጻፉ። ሐኪሙ በመልስ 10 ሳያቃልል መለሰላቸው። ዐይን ብጫ ሲሆን ጊዜው ደርሶ በራሱ የሚለቅ እንዳለ፣ በዚያ ጊዜ የተጠጣው ሥር ምስጋናውን እንደሚወስድ፣ የጉበት ቫይረስ ቢ ግን ብጫነት ሳያሳይም ውስጥ ውስጡን እንደሚቆይ ገለጸ። ከዚያም በማጣሪያ ላይ ስለ አገር መድኃኒት የሚጠየቀው ለመናቅ እንዳልሆነ በምሳሌ አሳየ። በ2000 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ስምንት ጤነኛ ፈቃደኞች ኢንዲናቪር የተባለውን የኤችአይቪ መድኃኒት ብቻውን፣ ቀጥሎም በአውሮፓ ለድብርት ከሚጠጣ አንድ ቅጠል ጋር እንዲወስዱ ተደርጎ ነበር። ቅጠሉ ሲጨመር በደማቸው ውስጥ የተገኘው መድኃኒት በ57 በመቶ ቀነሰ። ፌጦም ሆነ ኮሶ፣ ጫትም ሆነ አረቄ፣ ለጠያቂው አለመደበቅ ያስፈለገው ለዚህ ነው። ጫት የልብ ምትና የደም ግፊት እንደሚጨምር፣ ማታ ቅሞ ጠዋት ለምርመራ የሚመጣ ጤነኛ ወጣት በዚህ ብቻ ሊወድቅ እንደሚችልም አነሣ። የዘጌው አባት መልሱን ተቀብለው የቡና ቅጠልስ ብለው ጠየቁ፤ ያልመለሰላቸው የለም፣ ጥቂት ሰው ስለ ቡናው ዋጋም አነሣ።

ከመልስ 11 በኋላ ያለው ከባዱ ክፍል ነው። የታሪክ መምህር ነኝ ያለ ሰው ሙከራን የሚያምን ሁሉ የታስኪጊን ታሪክ ያንብብ አለ። ከ1932 እስከ 1972 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አላባማ ቂጥኝ የነበረባቸው 399 ድሃ ጥቁር ገበሬዎች በሽታቸው ሳይነገራቸው ተከታትለዋቸዋል፤ ፔኒሲሊን መድኃኒቱ መሆኑ ከታወቀ በኋላ እንኳ አልሰጧቸውም። መልስ 12 ብሶ መጣ። ፈቃደኞችን የሙከራ አይጥ ናቸው ብሎ ሰደበ፤ ለማስረጃም መጋቢት 2006 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ የሆነውን ጠራ። ስድስት ጤነኛ ወጣቶች ቲጂኤን1412 የተባለውን መድኃኒት በተወጉ በሰዓታት ውስጥ የሰውነት መከላከያቸው በራሳቸው ላይ ተነሥቶ ለሞት ተቃርበው ነበር፤ ከመካከላቸው የጣቶቹን ጫፍ ያጣ አለ። እነርሱም ማጣሪያ አልፈው ነበር እኮ አለኝ፤ አንቺ ብሎ፣ በስድብ ጨምሮ።

በመልስ 13 የመለስኩት እኔ ነኝ። የለንደኑን አልካድኩም። ስድስቱም ተርፈዋል፤ ያ መድኃኒት ክትባትም ፀረ ቫይረስም አልነበረም፤ ግን ትምህርቱ ለሁሉም ነው። የወደቀው ማጣሪያው ሳይሆን አሰጣጡ ነበር፦ ለሁሉም በአንድ ጠዋት፣ በደቂቃዎች ልዩነት ተሰጣቸው። ከዚያ ወዲህ ለሰው ተሰጥቶ የማያውቅ መድኃኒት መጀመሪያ ለአንድ ሰው ተሰጥቶ፣ ሁኔታው ታይቶ ነው ወደ ሌላው የሚታለፈው። አይጥ ብሎ የሰደባቸውን ሰዎች ግን አውቃቸዋለሁ። እናቷን በኮቪድ ያጣች፣ ወንድሙ በኤችአይቪ የሞተበት፣ ለሰው ልጥቀም ብሎ ከአዴት በሌሊት ተነሥቶ የመጣ አለ። ሰው ፈርሞ፣ ጠይቆ፣ ሲፈልግ ትቶ የመሄድ መብቱ ተጠብቆለት የሚገባበትን ነገር በታስኪጊ ስም መጥራት የታስኪጊን ሰዎችም መበደል ነው። የታሪክ መምህሩን ግን ደገፍኩት፤ እዚያ የነበረው ትልቁ ኃጢአት የሚያውቁትን አለመናገር ነበርና። እኔም የምጮኸው ለዚሁ ነው። የዓለም ሐኪሞች ማኅበር በሰው ላይ ስለሚደረግ ምርምር በ1964 እ.ኤ.አ. ያወጣውና በየጊዜው ያሻሻለው የሄልሲንኪ መግለጫም የተሳታፊውን ደኅንነት ከሳይንሱ ጥቅም ያስቀድማል።

መልስ 14 ከአንዲት ተማሪ ነው፤ አጭርና ቁጡ። በአንድ ማጣሪያ ስለ ወር አበባዋና ስለ እርግዝና መከላከያ የተጠየቀችው በሩ በተከፈተ ክፍል፣ ኮሪደሩ ላይ ወንዶች ተሰልፈው እየሰሙ ነበር። ጥያቄው እንዳላስቀየማት፣ ለፅንስ ሲባል እንደሚጠየቅ እንደምታውቅ፣ ያስቀየማት በሩ እንደሆነ ጻፈች። ባሕር ዳርን በምታህል ከተማ ከተሰላፊዎቹ አንዱ የጎረቤት ልጅ መሆኑ አይቀርም። ከዚህ በላይ የምጨምረው የለኝም፤ በር መዝጋት በጀት አይጠይቅም።

መልስ 15 ደግሞ ብዙዎቻችን ያላሰብነውን አመጣ። ጸሐፊው በምክር አገልግሎት የሚሠራ ነው። የኤችአይቪ ክትባት ሙከራ ላይ የተሳተፈ ጤነኛ ሰው ቫይረሱ ሳይኖርበት ክትባቱ ራሱ በፈጠረው ፀረ እንግዳ አካል ምክንያት ተራው ምርመራ ተይዟል ሊለው ይችላል። ሌላ አገር ላለ ሰው ይህ የሚያናድድ ነገር ቢሆን ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ከጋብቻ በፊት የምርመራ ወረቀት የሚጠይቅ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ሽማግሌ ተልኮ ቀን ከተቆረጠ በኋላ ወረቀቱ እንዲህ ይዞ ቢመጣ የሁለት ቤተሰብ ነገር ነው። የቫይረሱን ዘር በቀጥታ የሚፈልግ ምርመራ እውነቱን ይለያል፤ ስለዚህ ተሳታፊው የሚያሳየው ደብዳቤና ሁልጊዜ የሚደውልበት ስልክ ከመጀመሪያው ሊሰጠው ይገባል አለ። ሦስት ሰዎች ለዚህ ብለው ብቻ ተመዝግበው ገቡ። አንዱ ቄስ ናቸው፤ የንስሐ ልጆቻቸው ቢጠይቋቸው የሚሉትን አሁን እንዳወቁ ጻፉ።

መልስ 16 የጎርጎራ ዓሣ አጥማጅ ልጅ ነው። ሰገራው ሲመረመር ቢልሃርዚያ ተገኝቶበት ለሌላ ጊዜ ተባለ፤ በዚያው ቀን ግን ፕራዚኳንቴል ሰጥተው፣ ውኃው ውስጥ ሲገባ የሚያደርገውን ነግረው፣ የሚመለስበትን ቀን ጽፈውለታል። በክሩ ውስጥ በደስታ ያነበብኩት ብቸኛ ታሪክ ይህ ነው፤ ሲፈለግ እንደሚቻል ያሳያል። የኅብረተሰብ ጤና መምህሩ በዚህ ላይ ትል ያለበት ሰው ለክትባት የሚሰጠው ምላሽ እንደሚደክም፣ በአገራችን በተደረገ ጥናትም ትላቸው በመድኃኒት የወጣላቸው ሰዎች ለቢሲጂ (ለሳንባ ነቀርሳ ክትባት) የተሻለ ምላሽ መስጠታቸውን አከለ። ከዚያ ነገሩ ወደ ሐይቁ ሄደ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ሐይቁን በወረረው አረም፣ በእምቦጩ ሥር ይራባል ያለ አለ፣ እምቦጩን በእጅ የሚነቅሉ የፎገራና የደንቢያ ገበሬዎች ውኃ ውስጥ የሚቆሙበትን ሰዓት ያነሣ አለ፣ የቆሮሶ ዓሣ መመናመን ያሳዘነውም አለ። እስከ መልስ 19 የተጻፈው ሁሉ ስለ ጣና ነው። እኔም አልከለከልኩም፤ የዚህ ዳርቻ ሰው ጤና ከውኃው ተለይቶ አይታይም።

መልስ 20 ወደ ገንዘብ መለሰን። ለትራንስፖርትና ለባከነ ጊዜ የሚሰጠው ክፍያ ችግረኛውን ሕመሙን እንዲደብቅ ያደርገዋል፣ አንድ ሰው ሁለት ጥናት ውስጥ በአንድ ጊዜ ቢገባስ ብሎ ጠየቀ። በእንግሊዝና በፈረንሳይ ይህን የሚከላከል የፈቃደኞች መዝገብ እንዳለ መምህሩ መለሰ። ወጣቶቹ ተከራከሩ፤ ክፍያው ይቅር ያለም፣ ከቀረማ የሚመጣው ባለሀብቱ ብቻ ነው ያለም ነበር። እኔ ክፍያው ይኑር ባይ ነኝ፤ የቀን ሥራውን ትቶ የመጣን ሰው በባዶ እጁ መመለስ አይገባም።

መልስ 21 የጠበቅኩት ነበር፤ በአንድ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ውስጥ የሚያገለግል ሰው ጻፈ። ማንኛውም የመድኃኒት ሙከራ ከኮሚቴው ይሁንታ ሌላ የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ እንደሚያስፈልገው ካስረዳ በኋላ፣ ቅጾች ሲገመገሙ ስለሚወድቀው ሰው የሚጻፈው ብዙ ጊዜ አንድ መስመር ብቻ እንደሆነ ሳይሸፋፍን ተናገረ። ምን ቢጻፍ እንደምወድ ጠየቀኝ። በመልስ 22 ዘረዘርኩለት። ውጤቱ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚነገረው፤ የሚነግረው በስልክ ሳይሆን ፊት ለፊት፣ በሩ በተዘጋ ክፍል፣ በሚገባው አማርኛ መሆኑ፤ የተጠራጠረ ቁጥር በአዲስ ናሙና መደገሙ፤ የውጤቱ ቅጂ በእጁ መሰጠቱ፤ የሚላክበት ሐኪም ቤትና ክፍል ተለይቶ መጻፉ። የጉበት ቫይረስ ቢ ከሆነ ደግሞ የትዳር ጓደኛውና ቤተሰቡ ተመርምረው ያልተያዙት እንዲከተቡ መንገር፣ ሕክምና ካስፈለገውም ቴኖፎቪርን የመሰለ ቫይረሱን የሚያፍን መድኃኒት መኖሩን ማሳወቅ።

የኮሚቴው ባልደረባ በመልስ 23 ሁሉንም ተቀብሎ አንዱ ላይ ቆመ፦ ከተላከ በኋላ የሚደረገውን የቫይረስ መጠን ምርመራ ማን ይክፈል? ተመራማሪው የጥናቱ በጀት ለተሳታፊ ነው ይላል፤ ሐኪም ቤቱ እንደማንኛውም ታካሚ ይከፍላል ይላል፤ ከማጣሪያ የተመለሰው ተማሪ ከኪሱ የለውም። መልስ 24 የጤና መድን ይሸፍነው አለ፤ መልስ 25 ተማሪ ራሱን ችሎ መድን ውስጥ እንዳልገባ አመለከተ። እኔ የምለው ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት ስንት ሰው ሊመለስ እንደሚችል ይገመታል፤ መገመት ካልተቻለ ስንት ሰው መመርመር እንዳለበትም አይታወቅም ነበር። እንግዲያው የእነዚያ ሰዎች የመጀመሪያ ክትትል ወጪ በዚያው በጀት ውስጥ ይቀመጥ፣ ያልተቀመጠበት ጥናትም አይጽደቅ። ኮሚቴው በሚቀጥለው ስብሰባ እንደሚያየው ባልደረባው ጽፏል፤ ክሩም አልተዘጋም።